የሕዝብ መናፈሻን ማሻሻልና ወጪውን መሸፈን፦ ለከተማ አስተዳደሮችና ለነዋሪዎች ኮሚቴዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ መናፈሻ በሚመረቅበት ቀን ሪባን የሚቆርጥ ሰው አይታጣም። በአምስተኛው ዓመት የተሰበረውን ቧንቧ የሚጠግነው፣ የደረቀውን ችግኝ የሚተካውና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ በየትኛውም ሰነድ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ ለምክር ቤት አባላትና መናፈሻቸው እንዲሻሻል ለሚጥሩ የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ አቋም ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የግንባታ ገንዘብ ፍለጋ መጀመር የለበትም የሚል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ታሪክ ለዚህ አቋም ጥሩ ማስረጃ ነው። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ በ1858 ያቀረቡት ንድፍ ውድድሩን አሸንፎ የተሠራው ይህ 341 ሄክታር ስፋት ያለው መናፈሻ፣ ከተማዋ ለኪሳራ በተቃረበችበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ሣሩ ወደ አቧራ ተለውጦ፣ ወንበሮቹ ተሰባብረው፣ ግድግዳዎቹ በቀለም ተዥጎርጉረው ነበር። ንድፉ ያው የጥንቱ ነበር፤ የጎደለው በየዕለቱ የሚንከባከበው እጅ ነው። በ1980 የተመሠረተው የመናፈሻው ባለአደራ ድርጅት ከጊዜ በኋላ ካመጣቸው ለውጦች ሁሉ በእኔ ግምት ትልቁ፣ ቦታውን በ49 ክፍሎች ሸንሽኖ ለእያንዳንዱ ክፍል ተጠያቂ የሆነ አትክልተኛ መመደቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ወድቆ ቢገኝ ወይም አግዳሚ ወንበር ቢሰበር የማን ክፍል እንደሆነ ይታወቃል። ይህን አሠራር ለመውሰድ ሀብታም ከተማ መሆን አያስፈልግም፤ አምስት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ማዘጋጃ ቤትም መናፈሻውን ለአምስት ከፍሎ የእያንዳንዱን ድንበር በካርታ ላይ ማስመር ይችላል።

ያለውን መቁጠር

ሥራው የሚጀምረው ከንድፍ ሳይሆን ከቆጠራ ነው። በመጀመሪያ የቦታው ይዞታ የማን እንደሆነ፣ ድንበሩ በትክክል የት ላይ እንደሚያልፍና በፕላን ላይ ለመናፈሻነት የተመደበ መሆኑ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ቢሆንም፣ ለጋሽም ሆነ አበዳሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በድንበር ላይ ያለ መሬት ቀስ በቀስ እየተሸራረፈ ወደ መኪና ማቆሚያነት ወይም ወደ ዕቃ ማከማቻነት የሚለወጠውም ሰነዱ ያልጠራ ሲሆን ነው።

ቀጥሎ በመናፈሻው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመዘገባል፤ የእግረኛ መንገዱ በሜትር፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ፣ ዥዋዥዌዎቹና ሸርተቴዎቹ፣ የውሃ መቅጃዎቹ፣ አጥሩ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ። ከምድር በታች ያሉት የመስኖና የፍሳሽ ቱቦዎች እንዳይዘነጉ ያስፈልጋል፤ የማይታይ ነገር በጀት ሲያዝለት ብዙም አይታይምና። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ አሁን ያለበት ሁኔታ ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ፣ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ሊያገለግል እንደሚችል፣ እና ዛሬ በአዲስ ቢተካ የሚያስወጣው ገንዘብ።

ከዚህ መዝገብ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ለምክር ቤቱ የሚቀርቡ ናቸው። አንደኛው የተጠራቀመው የጥገና ዕዳ ነው፤ ማለትም ትናንት መጠገን ሲገባው ሳይጠገን የቀረው ሁሉ ድምር። ሁለተኛው በየዓመቱ መቀመጥ ያለበት መጠባበቂያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሃያ ዓመት የሚያገለግል የመጫወቻ መሣሪያ በየዓመቱ የመተኪያ ዋጋውን አንድ ሃያኛ፣ ማለትም 5 በመቶውን ይበላል፤ አሥር ዓመት የሚቆይ አግዳሚ ወንበር ደግሞ 10 በመቶውን ይበላል። ይህ ለመተኪያ ብቻ ሲሆን ለጽዳት፣ ለውሃ፣ ለመብራትና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚወጣው የዓመት ወጪ በላዩ ላይ ይጨመራል። ብዙ ከተሞች ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ ይደነግጣሉ፤ መደንገጣቸው ግን ጥሩ ነው፤ ድንጋጤው አዲስ ፋውንቴን ከመገንባታቸው በፊት ቢሆን ይመረጣልና።

የሚመጣውንም የማይመጣውንም ማወቅ

መናፈሻውን ማን እንደሚጠቀምበት ለማወቅ ውድ ጥናት አያስፈልግም። ሁለት ሰዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው በሳምንት ውስጥ በተለያዩ ቀናት፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ በተመሳሳይ መስመር እየዞሩ ይቁጠሩ። የሚመዘገበው ጾታ፣ በግምት የዕድሜ ክልልና ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ ነው፤ ተቀምጧል፣ ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ወይስ አቋርጦ ያልፋል? ቆጠራው ከማሻሻያው በፊት ተሠርቶ ከማሻሻያው በኋላ በዚያው ዘዴ ቢደገም፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ ለሚጠይቅ ግብር ከፋይ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ቆጠራው የሚያሳየው ክፍተት ከሚያሳየው ብዛት ይበልጣል። የቪየና ከተማ በ1990ዎቹ ባደረገችው ማጣራት ሴት ልጆች ወደ አሥር ዓመት ግድም ሲደርሱ ከመናፈሻዎች እንደሚጠፉ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቆዩ ተረጋገጠ። ምክንያቱ በአጥር የታጠረ አንድ ትልቅ የኳስ ሜዳ ቦታውን ሁሉ መያዙ ነበር፤ ቀድሞ የገባና ጉልበት ያለው ቡድን ሜዳውን ይቆጣጠረዋል። ከተማዋ በመናፈሻዎቿ ላይ ባደረገችው ማሻሻያ ሜዳዎቹን ከፋፍላ፣ መግቢያዎቻቸውን አስፍታ፣ የመረብ ኳስና የባድሚንተን ቦታ ጨምራ ሴት ልጆች ዳግመኛ እንዲመለሱ ማድረግ ችላለች። ያለ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ተጨማሪ የኳስ ሜዳ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ወደ ስብሰባው የሚመጡት ቀድሞውንም ወደ መናፈሻው የሚመጡት መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ሕፃን የያዘች እናት፣ በክራንች የሚሄድ ሰው፣ አመሻሽ ላይ በመናፈሻው ከማለፍ ይልቅ ዙሪያውን መዞር የምትመርጥ ሴት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይገኙም፤ ጠያቂው ወዳሉበት መሄድ አለበት። ለእነርሱ የሚቀርበው ጥያቄም «ምን እንዲሠራላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ከሚል ይልቅ «ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚህ የመጣችሁት መቼ ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንዳትመጡ ያደረጋችሁስ ምንድን ነው?» የሚል ቢሆን የተሻለ ፍሬ ያለው መልስ ያስገኛል። ርቀትም መለካት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ የሰጠው ምክር እያንዳንዱ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሆን የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ የሚል ነው። ይህን ርቀት በከተማው ካርታ ላይ በክብ መስመር ማስመር የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ከክቡ ውጭ የቀሩት ሰፈሮች እነማን እንደሆኑ ወዲያው ያሳያል።

ማሻሻያውን በየትኛው ቅደም ተከተል?

መጀመሪያ ጽዳት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ጥላ፣ መቀመጫና መብራት ይምጡ። ሐውልትና ፋውንቴን ሊቆዩ ይችላሉ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት የሌለው መናፈሻ ጎብኚውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያቆየው አይችልም፤ ይህም ከሁሉ በላይ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሴቶችን ያገላል።

በኒውዮርክ መሐል የሚገኘው ብራያንት ፓርክ በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። ስለ አደባባዮች አጠቃቀም ባካሄዳቸው ምልከታዎች የሚታወቀው ዊሊያም ዋይት ቦታውን መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ብዙዎች ከጠበቁት የራቀ ነበር፤ መናፈሻው አደገኛ የሆነው ከጎዳናው በላይ ከፍ ብሎ በቁጥቋጦ አጥር ተከልሎ ከውጭ ስለማይታይ ነው አለ። በ1992 ዳግም ሲከፈት ቁጥቋጦው ተነሥቶ፣ መግቢያዎቹ ሰፍተው፣ ሰው እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሳቸው ቀላል ወንበሮች ተቀምጠውበት ነበር። ሰው ወንበሩን ወደ ጥላው ወይም ወደ ወዳጁ ሊጎትት ሲችል ቦታውን የራሱ ያደርገዋል፤ ወንበሮቹ ይሰረቃሉ ብሎ የሚሰጋ አስተዳደር ከመሬት ጋር የታሰረ ወንበር ከሚያስከፍለው ጋር ኪሳራውን አነጻጽሮ ይወስን።

መንገዶችን በተመለከተ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ረዳት እንዲጓዝ ቁልቁለቱ በየ20 ሜትር ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ መደገፊያና ማረፊያ ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል፤ የመወጣጫው ቁልቁለትም በየ12 ሜትር ከ1 ሜትር አይበልጥም። የሕፃናት መጫወቻዎች ደግሞ ከተገዙ በኋላ ነው ሥራቸው የሚጀምረው። ኢኤን 1176 የተባለው የአውሮፓ የደኅንነት መለኪያ ሦስት ዓይነት ምርመራ ያዛል፤ ዘወትር በዓይን የሚደረግ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብሎኖችንና መጋጠሚያዎችን የሚፈትሽ፣ እና በዓመት አንዴ መሠረቱን ጭምር የሚመረምር። የምርመራውን መዝገብ የሚሞላ ሰው ያልተመደበለት መጫወቻ ከመተከሉ ባይተከል ይሻላል።

የውሃ ጉዳይ ከሁሉ የሚያዋጣው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም መናፈሻ ጎርፍ መያዝ ሲችል የገንዘብ ምንጩም ይሰፋል። ሲንጋፖር ውስጥ በቢሻን መናፈሻ ጠርዝ ያልፍ የነበረውን 2.7 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ አፍርሰው በ2012 ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ የተፈጥሮ ወንዝ ለውጠውታል፤ ዝናብ ሲበዛ ወንዙ በሣሩ ላይ ይሰፋል፣ ሲጎድል ሕዝቡ ወደ ውሃው ይወርዳል። የብራዚሏ ኩሪቲባም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጎርፍ የሚጠቁ ሸለቆዎችን በቤት ከማስያዝ ይልቅ መናፈሻና ሐይቅ አድርጋቸዋለች፤ በአንዳንዶቹም ሣሩን የሚያጭዱላት በጎች ነበሩ፤ ይህ ከማጨጃ ማሽን ነዳጅ አንጻር ቀልድ አይደለም። እዚህ ላይ ለበጀት አዘጋጁ የሚተርፈው ቁም ነገር፣ ጎርፍ ለመከላከል የተመደበ ገንዘብ በመናፈሻው ውስጥ ሊውል እንደሚችልና የመናፈሻው ክፍል ከውሃና ፍሳሽ ክፍሉ ጋር ጥያቄውን በጋራ ቢያቀርብ ሁለቱም እንደሚጠቀሙ ነው።

ስለ ታላላቅ ፕሮጀክቶች አንድ ማሳሰቢያ በቂ ነው። የቺካጎው ሚሌኒየም ፓርክ በ150 ሚሊዮን ዶላር ያልቃል ተብሎ ታስቦ፣ ሥራው ሳያልቅ ንድፉ እየተለወጠና እየሰፋ በ2004 ሲከፈት ከታቀደው አራት ዓመት ዘግይቶ፣ ወጪውም ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። መናፈሻው ዛሬ ተወዳጅ ነው፤ ይሁን እንጂ የግንባታ ውል ከተፈረመ በኋላ ንድፍ ለመለወጥ የምክር ቤት ውሳኔ እንዲያስፈልግ ማድረግ ብዙ ያተርፋል።

ገንዘቡ

የገንዘብ ምንጮችን ከመዘርዘር በፊት አንድ ልዩነት ግልጽ መሆን አለበት፤ የካፒታል ገንዘብ፣ ማለትም ለግንባታና ለግዢ የሚወጣው፣ እና የዕለት ተዕለት ማስኬጃ ገንዘብ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ማግኘት ከሁለተኛው ይቀላል። ለጋሾች፣ አበዳሪዎችና ፖለቲከኞች በስማቸው የሚጠራ ነገር ማቆም ይወዳሉ፤ ሣር ለማስታጨድ የሚለግስ ግን ጥቂት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩዊምቢ በሚባለው ሕግ መሠረት ከተሞች መሬት የሚሸነሽኑ አልሚዎችን ለ1,000 ነዋሪ 3 ኤከር፣ ማለትም 1.2 ሄክታር ያህል የመናፈሻ መሬት ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ ገንዘቡ ግን ለጥገናና ለማስኬጃ እንዲውል አይፈቀድም። ስለዚህ ከተማው በየዓመቱ አዳዲስ መናፈሻ እየተቀበለ የሚንከባከብበት ደመወዝ ሊያጣ ይችላል። የአልሚ መዋጮ የሚያስከፍል ደንብ ገና የሚያረቅ አስተዳደር ከዚህ ተምሮ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጥገና የሚሸፍን ድርሻ በደንቡ ውስጥ ቢያስገባ ይበጀዋል።

ለማስኬጃ ዋናው ምንጭ የከተማው መደበኛ በጀት ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ይደግፉታል እንጂ አይተኩትም። ድክመቱ በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ መናፈሻን ማስተዳደር ለአካባቢ መስተዳድሮች በሕግ የተጣለ ግዴታ ስላልሆነ፣ ከ2010 በኋላ በነበሩት የቁጠባ ዓመታት በሕግ ግዴታ የሆኑት አገልግሎቶች ሲተርፉ የመናፈሻ በጀት ተቆርጧል፤ የአገሪቱ ፓርላማ ኮሚቴም በ2017 ባወጣው ሪፖርት መናፈሻዎቹ መታጠፊያ ላይ መድረሳቸውን አስጠንቅቋል። መከላከያው በጀቱን በሕግ ማሰር ነው። ሚኒያፖሊስ በ1883 የመናፈሻ ጉዳዮችን በሕዝብ ለተመረጠ ለብቻው ለቆመ ቦርድ ሰጥታለች፤ ቦርዱ እስካሁን የራሱን የንብረት ግብር ድርሻ ያገኛል። ሲያትል ደግሞ በ2014 በሕዝብ ድምፅ የመናፈሻ ግብር ወረዳ አቋቁማለች። ሕዝቡ ግብር ይጠላል የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም፤ ገንዘቡ ከሰፈሩ መናፈሻ ውጭ እንደማይሄድ በሕግ ከተረጋገጠለት ነዋሪው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ሁለተኛው ምንጭ መናፈሻው ራሱ የሚፈጥረው የመሬት ዋጋ ነው። በመናፈሻ አጠገብ ያለ መሬት ይወደዳል፤ የመወደዱን ትርፍ የሚወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያላወጣው ባለ ይዞታ ነው። በእንግሊዟ በርከንሄድ ከተማ በጆሴፍ ፓክስተን ንድፍ የተሠራውና በ1847 የተከፈተው መናፈሻ ይህን ቀድሞ ተረድቶ ነበር፤ ከተማው ለመናፈሻው ከሚያስፈልገው በላይ መሬት ገዝቶ ዙሪያውን ለቤት ሠሪዎች በመሸጥ ወጪውን አካክሷል። ኦልምስቴድ በ1850 ይህን መናፈሻ ጎብኝቶ ተደንቆ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ይታወቃል። ኮሎምቢያ ከ1921 ጀምሮ ባላት ሕግ ደግሞ ከተሞች በሕዝብ ሥራ ምክንያት ዋጋው ከጨመረ ንብረት የተወሰነ መዋጮ ይሰበስባሉ። እንዲህ ያለ መዋጮ ሲታሰብ የገቢ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ባለ ቤቶች ክፍያውን ማራዘም ወይም ቤቱ እስኪሸጥ ማቆየት ተገቢ ነው።

ቦንድና ብድር ለረጅም ዕድሜ ነገር ብቻ ይሁኑ። የመሬት ግዢ፣ ድልድይ፣ የፍሳሽ መስመር በሃያ ዓመት ብድር ቢሠራ ተጠቃሚው ትውልድ አብሮ ይከፍላል፤ ሰባት ዓመት በማይቆይ የመጫወቻ ወለል ላይ የሃያ ዓመት ዕዳ መጫን ግን የሌለ ዕቃ ዕዳ ለልጆች ማውረስ ነው።

ከማዕከላዊ መንግሥት ወይም ከክልል የሚመጣ ድጎማ ሲገኝ የውሉን ትንንሽ ፊደላት ማንበብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ1964 በሕግ የተቋቋመው የመሬትና የውሃ ጥበቃ ፈንድ ለአካባቢ መናፈሻዎች እስከ ወጪው ግማሽ ድረስ ይሰጣል፤ በምላሹ ያ ቦታ ለዘለዓለም ለሕዝብ መዝናኛ እንዲቆይ፣ ለሌላ ጥቅም ከዋለም በእኩል ዋጋ ሌላ መሬት እንዲተካ ያስገድዳል። አንዳንድ ባለ ሥልጣናት ይህን እንደ ሸክም ያዩታል፤ እኔ ግን ከድጎማው ገንዘብ ይልቅ ገደቡ የበለጠ ዋጋ አለው ባይ ነኝ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በመናፈሻው ላይ ሕንፃ ለመሥራት የሚመጣውን ሰው የሚያስቆመው እርሱ ነውና።

መናፈሻው ራሱ የሚያስገባው ገቢ፣ ማለትም የሻይ ቤት ኪራይ፣ የሜዳ ማከራያና የዝግጅት ክፍያ፣ ጠቃሚ ቢሆንም በልክ መያዝ አለበት። ሁለት ደንቦች ይበቃሉ፤ አንደኛው ገቢው ወደ ከተማው አጠቃላይ ካዝና ሳይገባ ለዚያው መናፈሻ እንዲቀር ማድረግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለክፍያ የሚዘጋው የቦታ ስፋትና የቀናት ብዛት በዓመት ከስንት እንደማይበልጥ አስቀድሞ መወሰን ነው። ገደብ ከሌለ በየሳምንቱ ቅዳሜ ድንኳን የሚተከልበት መናፈሻ የሕዝብ መሆኑ ቀርቶ አዳራሽ ይሆናል፤ ሣሩም አያገግምም። የመግቢያ ክፍያን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የሰፈር መናፈሻ በር ላይ ቲኬት መሸጥ የለበትም። መናፈሻ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ግቢ ለሌለው ሰው ነው፤ ቲኬቱ በመጀመሪያ የሚመልሰውም እርሱኑ ነው።

ለአዳዲስ ሰፈሮች ከሁሉ የላቀው ዘዴ ቋሚ ሀብት መስጠት ነው። በእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ በ1992 የከተማዋ መናፈሻዎች ለአንድ ነጻ ባለአደራ ተቋም በ999 ዓመት ኪራይ ሲተላለፉ ተቋሙ መሬቱን ብቻ አልተቀበለም፤ የሚከራዩ የንግድ ሕንፃዎችም አብረው ተሰጡት። ኪራዩ ለአትክልተኞች ደመወዝ ይከፍላል፤ ስለዚህ የከተማው በጀት ሲጠብብ መናፈሻው አይራብም። አዲስ ሰፈር የሚገነባ አስተዳደር ጥቂት የሱቅ ወለሎችን ለመናፈሻው በስም ቢያዛውር፣ ከአንድ ትልቅ የምረቃ በዓል የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

ስጦታና በጎ ፈቃደኛ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ግን ወደ ሀብታም ሰፈር ያዘነብላሉ። ሴንትራል ፓርክ ከዓመታዊ ወጪው አብዛኛውን ከግል ልገሳ ሲያገኝ በዚያው ከተማ ያሉ ሌሎች መናፈሻዎች ግን እንዲህ ያለ ባለጸጋ ጎረቤት የላቸውም። ስለዚህ አስተዳደሩ ከትልቅ ስጦታ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለሌሎች መናፈሻዎች እንዲውል አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል። በጎ ፈቃደኛም ቢሆን ያለ ክፍያ ይሥራ እንጂ ያለ ወጪ አይሠራም፤ የሚያሰባስበው ሰው፣ የእጅ ጓንት፣ አካፋና ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና በጀት ይፈልጋሉ።

ማንን አስቀድሞ?

ሁሉም ሰፈር በአንድ ጊዜ ሊደርሰው ስለማይችል ቅደም ተከተሉ በመመዘኛ እንጂ በጩኸት መወሰን የለበትም። ሚኒያፖሊስ በ2016 ለሰፈር መናፈሻዎች የሚመደበውን ገንዘብ የምታከፋፍለው የመናፈሻውን ሁኔታ ከነዋሪው የኑሮ ደረጃ፣ ከሕዝብ ጥግግት፣ ከሕፃናት ቁጥርና ከመሳሰሉት ጋር አጣምራ በሚሰጥ ነጥብ እንዲሆን ደንብ አውጥታለች። ነጥቡ ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ ያልደረሰው ሰፈር መቼ እንደሚደርሰው ማወቅ ይችላል። ከበጀቱ የተወሰነውን ክፍል ነዋሪዎች በቀጥታ እንዲወስኑበት መተውም ይቻላል፤ በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 የተጀመረው አሳታፊ በጀት ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ከተሞች ተስፋፍቷል።

በድሃ ሰፈር ውስጥ መናፈሻ ሲሻሻል ኪራይ ሊጨምር እንደሚችልም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በኒውዮርክ በአሮጌ የባቡር መስመር ላይ የተሠራው ሃይላይን የመጀመሪያ ክፍሉ በ2009 ከተከፈተ በኋላ ዙሪያው በውድ አፓርታማዎች ተሞልቷል። መናፈሻውን መተው መፍትሔ አይሆንም፤ የመናፈሻው ዕቅድና የአነስተኛ ገቢ ቤቶች ጥበቃ ዕቅድ በአንድ ስብሰባ አብረው እንዲጸድቁ ማድረግ ግን ይቻላል።

ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ሰነድና ከዚያ በኋላ

ለምክር ቤት የሚቀርበው ሰነድ አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቆጠራው ውጤት፣ የተጠራቀመው የጥገና ዕዳ፣ የተጠየቀው የካፒታል ገንዘብ፣ እና ለአሥር ዓመት በየዓመቱ የሚያስፈልገው የማስኬጃ ወጪ ከነምንጩ ይቀመጡ። የማስኬጃው ወጪ ምንጭ ባዶ ከሆነ ሰነዱ አይቅረብ። ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ምንም አዲስ ነገር ሳይሠራ ያለውን መጠገን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ለተቋራጭ ሲሰጥ በጊዜያዊ ርክክብና በመጨረሻው ርክክብ መካከል ያለው ጊዜ ለተክሎች ከአንድ ዓመት በላይ መሆን አለበት፤ አዲስ የተተከለ ዛፍ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት ውሃ ይፈልጋልና። ተቋራጩ የሚከፈለው በተከለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን በመጨረሻው ርክክብ ቀን በሕይወት በተገኘው ብዛት እንዲሆን በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ከክፍያው የተወሰነው ክፍልም እስከዚያው በመያዣነት ይቆይ። የጽዳትና የጥገና ውልም ቢሆን «በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል» ከማለት ይልቅ «የሣሩ ቁመት ከዚህ አይበልጥም» ብሎ ቢጻፍ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ በደረቅ ወራት ለማያስፈልግ አጨዳም አይከፈልም።

በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር የመናፈሻው ኃላፊ፣ የምክር ቤቱ ተወካይ፣ የክፍሎቹ አትክልተኞችና ሁለት ነዋሪዎች መዝገቡን ይዘው መናፈሻውን በእግር ይዙሩ። እያንዳንዱ ዕቃ ካለፈው ዓመት ነጥቡ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሆነ እዚያው ይሞላ፤ የወጣው ገንዘብም ከጎኑ ይጻፍ። የተሞላው ቅጽ በመናፈሻው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅጂው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ለምክር ቤቱ ይደርሳል።